ቅናቷ ሲበርድላት ትምጣ

ውድ ቀበጧ እህቴ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። እናታችን ናት በስልክ ያደረሰችልኝ፤ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ስለ ጎረቤቷ የተበላሸ ቧንቧ አውርታኝ አውርታኝ፣ ልትዘጋ ስትል ነው ትዝ ያላት። «እህትሽ ደግሞ ምን አለች መሰለሽ፤ ቅናቷ ሲበርድላት ትምጣ፣ ልጄን ያኔ ታየዋለች አለች» አለችኝ። ልታለዝበው ፈልጋ «እየሳቀች ነው እኮ ያለችው» ብላ ጨመረችበት። አውቃለሁ። አንቺ ከድሮም እየሳቅሽ ነው የምትነክሺው።

ደውዬ ልመልስልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። በስልክ ግን አልችልሽም፤ አንድ ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ አንቺ መልሱንም፣ የመልሱንም መልስ ደርድረሽ ትጨርሺዋለሽ። ደብዳቤ ላይ ጣልቃ መግባት የለም። ስለዚህ ተቀመጪ፣ ልጁ ተኝቶ ከሆነም ቀስ ብለሽ ተቀመጪና አንዴ እንኳ እስከ መጨረሻው አድምጪኝ።

ዋናውን ነገር አላቆይብሽም። አልበረደልኝም። እቀናብሻለሁ።

ይሄ ቅናት ደግሞ ከልጅሽ ጋር አብሮ የተወለደ እንዳይመስልሽ፤ ካንቺ ጋር ነው የተወለደው። ያንቺ ፀጉር ማበጠሪያ ሲያይ ወዶ ይተኛል፣ የኔ ማበጠሪያ ይሰብራል። እኔ አንደኛ ወጥቼ ስመጣ «ጎበዝ» እባላለሁ፤ አንቺ ወድቀሽ ስትመጪ «አይዞሽ የኔ እናት» ተብለሽ ትታቀፊያለሽ። ጎበዝ ከመባል መታቀፍ እንደሚሻል በዚያ ዕድሜዬም ገብቶኝ ነበር። አንድ ዓመት ሆን ብዬ ልወድቅ አስቤ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም፤ አልሆነልኝም እንጂ። መልሱን እያወቁ መሳት ለካ ከባድ ነው።

ያም ሆኖ የምሠራበት ላብራቶሪ ሰው ሲፈልግ ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሰው የሚቀናበትን ሰው ከዓይኑ ማራቅ አይወድም መሰለኝ።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ፣ ግን ካንቺ ወንበር ሆነሽ ነው የምታውቂው። አሁን ከኔ ወንበር ሆነሽ እዪው። ነፍሰ ጡር ሴት ኢንፌክሽን ሲይዛት ሰውነቷ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ብግነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ እናጠናለን። ደም የምንወስደው ከሦስት ዓይነት ሴቶች ነው፤ ኢንፌክሽን ካለባቸው ነፍሰ ጡሮች፣ ከጤነኛ ነፍሰ ጡሮችና ካልፀነሱ ሴቶች። የእያንዳንዷን ደም በሁለት ቲዩብ እንከፍላለን። አንዱ ውስጥ የሞተ ጀርም ጠብ እናደርጋለን፣ ሌላውን ምንም ሳንጨምርበት እንተወዋለን፤ ሁለቱም ማሞቂያው ውስጥ ያድራሉ። በማግስቱ ደሙ ምን ያህል እንደተቆጣ ማሽኑ በቁጥር ይነግረናል። ጀርም የገባበት ቢቆጣ ወግ ነው። ምንም ያልገባበት ግን ዝም ማለት አለበት።

ማርገዝሽን ያበሰርሽን ቀን ሀላፊያችን አጨብጭባ «ጤነኛ ነፍሰ ጡር ፍለጋ መንከራተት ቀረልን፣ እዚሁ ተገኘችልን!» አለች። ሁሉም ሳቀ። ረጅሙ፣ ያ ምላሱ ከቁመቱ የሚረዝም ባልደረባችን፣ «ያልፀነሰችውስ?» ብሎ ጠየቀና ወዲያው ያለው ነገር ታወቀው። ሁሉም ወለል ወለሉን ያይ ጀመር። ሁለት ጊዜ እንደጨነገፈብኝ የማያውቅ አልነበረም። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ የጋዋኔን እጅጌ ሰብስቤ «እኔ አለሁ» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ በማንም ላይ አላላክክም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሁለታችንን ቲዩቦች ጎን ለጎን መደርደር ሥራዬ ሆነ። ስም መጻፍ ክልክል ስለሆነ ያንቺ ላይ «ጤነኛ ነፍሰ ጡር» ብዬ እጽፋለሁ፣ የኔ ላይ «ያልፀነሰች»። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። እኔና ባለቤቴ ስለ ልጅ ማውራት ካቆምን ቆይተናል። ቤቴ ውስጥ የማይነሳውን ነገር መሥሪያ ቤት እየሄድኩ በየሳምንቱ እጽፈው ነበር ማለት ነው።

ደምሽ እንዳንቺው ቀበጥ ቢሆን ኖሮ በተጽናናሁ። ግን አልሆነም። ጀርም ስንጨምርበት በልኩ ይቆጣል፣ ስንተወው ፀጥ ይላል። አንድ ቀን ሀላፊያችን ቁጥሩን እያየች «እንዴት ያለ ጨዋ ደም ነው!» አለች። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የመጣን መሆናችንን ረስታው ነው። በገንኩ። የኔ ሰውነት ጨዋ እንዳልሆነ አውቃለሁና። ሁለተኛው የጨነገፈብኝ ትኩሳት ይዞኝ ከሰነበተ በኋላ ነበር። ያኔ ያከመኝ ሐኪም ጀርሙ ያን ያህል የከፋ እንዳልነበረ፣ ምናልባት ሰውነቴ ጀርሙን ለማባረር ያነሳው ቁጣ ማህፀኔን ቀስቅሶት ሊሆን እንደሚችል፣ በእርግጠኝነት ማወቅ ግን እንደማይቻል ነገረኝ። ሌባ አባርራለሁ ብሎ የራሱን ልጅ ከቤት ያስወጣ ሰውነት ይዤ ነው አጠገብሽ የምቀመጠው።

በትንሽ በትልቁ መቅናት ጀመርኩ። «ሳሙናው ሸተተኝ» ስትዪ የመሥሪያ ቤቱ ሳሙና ተቀየረ። መደገፊያ ያለው ወንበር የኔ ነበር፤ ማን እንደሰጠሽ ሳላውቅ አንድ ቀን ተደላድለሽ ተቀምጠሽበት አገኘሁሽ። ከሥራ ስንወጣ ታክሲ ነጂው ባልሽ ደንበኛ ጥሎ በር ላይ ይጠብቅሻል። ስትስቂ እጅሽ ወደ ሆድሽ ይሄዳል፣ ስታስቢም፣ ስታዛጊም። አንዳንዴ ከሆድሽ ይልቅ እጅሽን ነበር የምጠላው። ቁጥርሽን ደግሞ ከሁሉም በላይ እከታተል ነበር። ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ከልኩ ሲወጣ ላየው ስለፈለግኩ ነው።

አንድ ጠዋት ወጣ።

መጀመሪያ ያነበበው ረጅሙ ነው። ጮክ ብሎ ሳቀና «ማነው ባዶው ውስጥ ጀርም የጨመረው?» አለ። ምንም ያልገባበት ያንቺ ቲዩብ ጀርም እንደገባበት ሁሉ ተቆጥቶ አድሯል። ቲዩቦቹን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። አንቺ ከዚያው ከኔ ወንበር ላይ ዞረሽ አየሽኝና፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ተሳስተሽ ነው፣ ወይስ...» አልሽ። ያንን «ወይስ» እስከ ዛሬ አልጨረስሽልኝም። እኔም ጨርሺው አላልኩሽም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ተናደጂ። ቁጥሩን ሳየው ለቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ጨዋ የተባለ ደም ባለጌ ሲሆን! ከዚያ ቁጥሩ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ገባኝ፤ ጀርም ሳንጨምርበት የተቆጣ ደም ቁጣውን ከሰውነትሽ ይዞት መጥቷል ማለት ነው።

እንደገና ይሠራ ተባለ። መርፌ ይዤ ስመጣ ክንድሽን ሰብስበሽ «ረጅሙ ይቅዳልኝ» አልሽ። የኔንም ያንቺንም እሱ ቀዳ፣ ሁሉንም እሱ ሠራ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ አየሁ። በማግስቱም ያው ሆነ። ሀላፊያችን አሰበች አሰበችና «ደሙን የምናቀጥንበት ፈሳሽ ተበክሎ ይሆናል» ብላ ካርቶኑን በሙሉ አስጣለች። ሁሉም እፎይ አለ። ጤነኛዋ ጤነኛ ናት፣ ስለዚህ ጥፋቱ የዕቃው መሆን አለበት። እንደኛ ያለ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚሳሳተው፤ ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ሴትየዋን ያማት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር፣ እኛ ግን ካርቶን ጣልን። አንቺም ዘፈን እያንጎራጎርሽ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ።

እኔ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከቲዩብሽ አጠገብ የኔዋ አለች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፈሳሽ፣ በዚያው በረጅሙ እጅ ነው የተሠራችው። ፈሳሹ ቆሽሾ ቢሆን እሷም መቆጣት ነበረባት። ያልፀነሰችዋ ግን ዝም ብላለች። ይህንኑ ለሀላፊያችን ስነግራት አዳመጠችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ትከሻዬን ይዛ «ይሄ ነገር ላንቺ ከብዶሻል፤ ለምን ጥቂት ቀን አታርፊም?» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። «ቀንታ ነው» ማለት በጨዋ ሰው አፍ እንዲህ ነው የሚባለው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ቁጥሩን ያየሁት ስላለ ነው ወይስ ስለፈለግኩት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አላወቅኩም። ሳላውቅ ነው ቤትሽ የመጣሁት።

እናታችን ሶፋው ላይ ሆና የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ባልሽ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ይቀይራል።

«ሽንትሽን ተመርመሪ» አልኩሽ ሳልቀመጥ።

«እንደምን አመሸሽ ማለትስ የለም?»

«እንደምን አመሸሽ። ሽንትሽን ተመርመሪ።»

«እትዬ» አልሽኝ፤ እትዬ የምትይኝ ስትናደጂ ብቻ ነው። «ምንም አላመመኝም። ትኩሳት የለኝ፣ ማቃጠል የለኝ። ወገቤን ትንሽ ነው፤ እሱንም አንቺ ይሄን ሆድ ተሸክመሽ ብታዪው...» ብለሽ ዋጥ አደረግሽው።

«ተይ እንግዲህ፣ የሰው ሆድ ላይ አታሟርቺ» አለች እናታችን።

«ተያት እማዬ። ቀንታ ነው።»

ባልሽ አምፖሉን እንደያዘ ቀረ።

«አዎ ቀንቻለሁ!» አልኩሽ። ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም። «ይሄ ሰውዬ አጎንብሶ ጫማሽን ሲያስርልሽ እቀናለሁ። ይቺ እናትሽ ይሄን ሁሉ ልብስ ስታጥፍልሽ እቀናለሁ፤ ለኔ አጥፋ አታውቅም። በየሳምንቱ ያልፀነሰች ብዬ ስጽፍ እርር ድብን እላለሁ። ግን ማሽኑ አይቀናም! ያንቺ ደም ማንም ሳይነካው ይጮሃል፣ የኔ በዚያው ፈሳሽ ተሠርቶ ዝም ብሏል። ወገብሽን የሚያምሽ ሆድሽ ከብዶሽ ካልሆነስ?»

እናታችን ማጠፏን አቆመች። ባልሽ ከወንበሩ ወርዶ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«እሺ!» አልሽ አንቺ። «አፍሽን ለማስዘጋት ስል እሄዳለሁ። ምንም ካልተገኘብኝ ግን ሁለተኛ ደሜን አትነኪም፣ ቤቴም አትመጪም።»

«እሺ» አልኩሽ። ከልቤ ነው። ምንም እንዳይገኝብሽና ዳግመኛ እንዳላይሽ እየለመንኩ ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት።

ሽንትሽ በጀርም ተሞልቶ ተገኘ። ሳያቃጥልሽ፣ ሳያተኩስሽ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ወደ ኩላሊትሽ መውጣት ጀምሮ ነበር። ውጤቱን ስንጠብቅ ሆድሽ ድንጋይ ሆኖ ሲመለስ «ሊራገጥ ነው» እያልሽ ትስቂ ነበር። አዋላጇ ግን እጇን አሳርፋበት ቆየችና መሳቅሽን አስቆመችሽ። ምጥ ነው። ገና ያልደረሰ ልጅ፣ ቢወጣ የማይተርፍ ልጅ። አልጋ ላይ ሲያወጡሽ ባልሽ አጠገብሽ ነበር፣ እናታችንም ነበረች፤ አንቺ ግን የኔን እጅ ያዝሽ። «ያንቺም እንዲህ ነበር የጀመረሽ?» አልሽኝ።

«አዎ» አልኩሽ።

እንዴት እንደነበር ጠይቀሽኝ አታውቂም ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ብርቱካን ይዘሽ መጥተሽ፣ ስለ ሌላ ነገር አውርተሽ፣ ስመሽኝ ሄደሻል። አልፈርድብሽም፣ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው የለም። ያን ምሽት ግን ጠየቅሽኝ።

ሐኪሙ ለእናታችን ሲያስረዳት ትዝ ይልሻል? እሷ «ጀርሙ ልጁን ነካው ወይ?» እያለች ትወተውታለች። «ጀርሙ ልጁ ጋ የደረሰ አይመስለኝም እናቴ» አላት። «የሚያሰጋኝ የራሷ ሰውነት ቁጣ ነው። ሰውነቷ ጠላት ገባ ብሎ ይጮሃል፣ ጩኸቱ ማህፀኗ ጋ ሲደርስ ማህፀኗ የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ይመስለዋል። ጀርሙን ስናጠፋላት ቁጣውም ይበርዳል፤ በጊዜ መጥታችኋል።» እናታችን ቀና ብላ አየችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። የራሷን ሹራብ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

መድኃኒቱ በደም ሥርሽ እየገባ ቆየሽ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆድሽ መጠንከሩን ተወ። አዋላጇ ያንን የልብ ምት ማዳመጫ ሆድሽ ላይ ስታስቀምጠው የልጅሽ ልብ ክፍሉን ሞላው፤ ፈጣን፣ ችኩል፣ ልክ እንዳንቺ አወራር። ባልሽ አለቀሰ፣ እናታችን አለቀሰች፣ አንቺ እየሳቅሽ አለቀስሽ። እኔ «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ።

የት እንደሄድኩ ጠይቀሽኝ «ስልክ ልደውል» ብዬሻለሁ። ውሸቴን ነው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ስንሰቀሰቅ ወለል የምታጸዳዋ ሴትዮ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመችልኝ።

«ክፉ ነገር ሰማሽ እንዴ?»

«አይ፣ ደግ ነው። የእህቴ ልጅ ተረፈ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ቅናት» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀችና እግሬን አስነስታኝ ሥሩን አጽድታ አለፈች። አልቀለድኩም። ያ ልብ መምታቱን እንዳያቆም እጅሽ ይቆረጥ ብባል እቆረጥ ነበር። ያው ልብ የኔ ሆድ ውስጥ ስላልሆነ ደግሞ አንጀቴ ተቃጠለ። ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ፣ አንዱም ሌላውን አላጠፋውም።

ልጅሽ ዘጠኝ ወሩን ሞልቶ፣ በደህና ተወለደ። የገዛሁለትን ብርድ ልብስ በእናታችን ላክሁና እኔ ቀረሁ። ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ሕፃን ላይ አላስነጥስም አልኩ። ረጅሙ ፎቶውን ይዞ ሲያሳድደኝ ሰንብቶ ማሞቂያው አጠገብ ያዘኝና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «አየሽ፣ አፍንጫው ያንቺ ነው፣ ቁርጥ!» አለኝ። እውነትም የኔ ነው። እኔ ስጠላው የኖርኩት አፍንጫ ያንቺ ልጅ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚያምር! በገዛ አፍንጫዬ እንኳ ቀናሁብሽ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?

አሁን አንቺ «ሲበርድላት ትምጣ» ትያለሽ። እስቲ አንድ ነገር አስቢልኝ። ቁጥሩ ከልኩ ሲያልፍ ረጅሙ አይቶት ሳቀ። ሀላፊያችን አይታው ካርቶን አስጣለች። ሁለቱም ይወዱሻል፣ አንዳቸውም ግን አይቀኑብሽም። በፍቅር የሚያይሽ ሰው ሁሉ ጤነኛ ሆነሽ ነው የሚያይሽ። በየሳምንቱ ያንቺን ቁጥር ከራሷ ቁጥር ጋር እያስተያየች አንጀቷ እያረረ ስትቆጥር የከረመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ቅናቴ በርዶልኝ ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ይሄን እንደ ውለታ ቁጠሪልኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። ቅናቴን በር ላይ አውልቄ እንድገባ አትጠይቂኝ ለማለት ነው፤ ከገባሁ ከነቅናቴ ነው የምገባው፤ እስኪበርድልኝ ከጠበቅሽ ልጅሽ ጢም አብቅሎ ነው የማየው።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። በሩን ስትከፍቺ ፊቴን አትመርምሪው። ተቀመጪ፣ ምን ልስጥሽ፣ ጉንፋንሽ ተሻለሽ ወይ የሚባለውን ሁሉ ተይና መጀመሪያ ልጁን ስጪኝ። ላለቅስ እችላለሁ፤ እናታችን «አሟረተችበት» ብትል ተያት። ባልሽ ዕቃ ሊገዛ ይውጣ፣ የወንድ አስተያየት አልፈልግም። አፍንጫውን በደንብ ላየው እፈልጋለሁ። «በይ አምጪው» ብለሽ እጅሽን ስትዘረጊ ደግሞ ቶሎ ካልሰጠሁሽ አትደንግጪ፣ አልቀማሽም። ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፤ እመልስልሻለሁ።

የምትቀናብሽ እህትሽ